ከእንግሊዝኛው ሥር

ፈትያ እንድሪስ የእንግሊዝኛ መምህርነት ፈቃዷን ልታሳድስ በሄደችበት ጠዋት አንድ ፍርሃት ብቻ ነበራት፤ እንግሊዝኛ ማወቋ እንዳይታወቅባት።

ፈተናው የሚሰጠው ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ድሮ ፋብሪካ በነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ከደሴ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ የመጡ መምህራን ግድግዳውን ተደግፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ የኪስ መስታወት አውጥተው ከንፈራቸውን ያፍታታሉ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን ያለማምዳሉ። የእንግሊዝኛ መምህር ሊኖረው የሚገባው ሙያና ዕውቀት በመመሪያ ከተወሰነ ቆይቷል፤ የአፍ ቅርጽ፣ የትንፋሽ ልክ፣ የፊት አያያዝና የአንገትጌ ንጽሕና። በእነዚህ ፈትያን የሚስተካከላት በአካባቢው አልነበረም። የሚያስፈራት የመጨረሻው ክፍል ነው። የቀሪ ቋንቋ ምርመራ ይሉታል።

ተራዋ ሲደርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አገጯን ማስደገፊያው ላይ አደረገች። ትንሽ መብራት ዓይኗ ውስጥ በራች፤ በጆሮዋ እንግሊዝኛ ይነበብላት ጀመር። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ አበባ፣ ስለ ባቡር ጣቢያ። ከዚያ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ፣ ቃናው ሳይለወጥ፣ ልጅሽ ዛሬ ጠዋት ሞታለች አላት።

የገባው ሰው የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ብሌኑ የሰፋ መምህር ፈቃዱን ይነጠቃል። ምክንያቱ በመመሪያው ላይ አለ፤ እንግሊዝኛ የሚገባው መምህር ተማሪውን ያርማል፤ የታረመ ተማሪ የራሱን ድምፅ ማውጣት ይጀምራል፤ የራሱ ድምፅ አንገቱ ላይ ታስሮ ከሚናገርለት አንገትጌ ጋር ይጋጫል። እንዲህ ያለ መምህር ጣልቃ ገብ ይባላል።

ፈትያ በልቧ የአክስቷን ሠርግ ዘፈን እየዘፈነች ነበር። ገና መብራቱ ሳይበራ የጀመረችው ነው። ሙሽራዋ ስትወጣ የሚባለውን፣ እልልታው የሚቀልጥበትን ቦታ ደጋግማ አለችው። ልጇ ኢክራም ደሴ በሥራዋ ላይ እንደሆነች ታውቃለች። ቢሆንም ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው።

መብራቱ ጠፋ። ፈታኟ ፈገግ አለች።

"እንኳን ደስ አለዎት፤ ንጹሕ ነዎት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ፈትያ።

እንግሊዝኛን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። መምህር እንድሪስ ሰው ያለ አንገትጌ፣ በባዶ አፉ እንግሊዝኛ ይናገር በነበረበት ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንገትጌው መጥቶ ከሥራ ሲያሰናብታቸው ሴት ልጃቸውን ግቢ ውስጥ በወይራው ጥላ ሥር እያስቀመጡ በእንግሊዝኛ ያወሯት ነበር። ሲሞቱ በእንግሊዝኛ የምታወራው ሰው አጣች። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ውስጧ አለ፤ አንድም ቀን ግን ከአፏ አልወጣም።

የምታስተምረው ከተማው ዳር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንገትጌ የሚሉት አንገት ላይ የሚታሰር፣ ከጣት የማይወፍር ቀለበት ነው። ተማሪው አማርኛውን በጉሮሮው ያጉተመትማል፤ አንገትጌው በተማሪው በራሱ ድምፅ እንግሊዝኛ ይናገርለታል። ከወዲያ በኩል የመጣውን ደግሞ በአማርኛ በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ለሰው የቀረው አፉን ማንቀሳቀስ ነው። አፉና ድምፁ አልገጥም ያለ ሰው ያስጠላል፤ የባሕር ማዶ ቀጣሪ ፊቱን አይቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ ተማሪዎች በየጠረጴዛቸው መስታወት ፊት ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ አፋቸውን ይማራሉ።

"ከንፈር ክብ!" ትላለች ፈትያ በረድፉ መካከል እየተመላለሰች። "ምላስ በጥርስ መካከል! ሙባረክ፣ ቅንድብህን ተወው። ቅንድብ አይናገርም። እጅ ጠረጴዛ ላይ!"

"እሺ፣ ቲቸር" ይላሉ በአንድነት።

አንገትጌዎቹ በአንድ ጊዜ ሲለቀቁ ክፍሉ ያማረ እንግሊዝኛ ይሞላል። በልምምድ ጊዜ አንገትጌው የሚናገረው ተመርጠው የተጫኑለትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ስሜ እንዲህ ነው፣ የመጣሁት ከዚህ ነው፣ በቡድን መሥራት ደስ ይለኛል። ፈትያ ይህን ስትሰማ ዓመታት አልፈዋል፤ የተለየ ነገር ሰምታ አታውቅም። እውነተኛው ቃለ መጠይቅ የሚደረገው መሐል ከተማ፣ ልጆቹን ከቀጣሪ ጋር በሚያገናኘው ኤጀንሲ አዳራሽ ውስጥ ነው። እዚያ መምህር አይገባም።

በዚያ ዓመት ከተማሪዎቿ ሁሉ አፏ የተዋጣላት ሩቅያ ሰይድ ነበረች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ የሉም፤ ከአባቷ ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰሜን ዋልታ ዳር፣ በረዶው ከቀለጠ ወዲህ በተከፈተው ባሕር ላይ ባለ ወደብ፣ ምግብ የሚከማችበት ትልቅ መጋዘን ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለና ሩቅያ ለቃለ መጠይቅ ተመረጠች። የኤጀንሲው አዳራሽ ጣሪያ በዝናብ ስለተጎዳ ቃለ መጠይቁ በትምህርት ቤቱ እንዲደረግ ተወሰነ። ፈትያ ፊት ጠባቂ ሆና ተመደበች፤ ካሜራው በማያያት በኩል ቆማ ልጅቷ አፏ ሲሳት በምልክት ልታስታውሳት።

ሩቅያ ጠዋት ላይ ከክፍሉ በር ጠብቃ አገኘቻት።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂኝ፣ የኔ ልጅ።"

"አስሜን ልንገራቸው ወይስ ልተወው? አባባ ዝም በይ ይለኛል። ከሄድሽ በኋላ አላህ ያውቃል ይለኛል።"

ፈትያ ልጅቷን አየቻት። አንድ ክረምት ክፍል ውስጥ ሲጥ ሲጥ የሚል ትንፋሽ እያወጣች፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በሰው ሸክም ወደ ሐኪም ቤት የተወሰደች ልጅ ናት።

"ንገሪያቸው። መጋዘን ከሆነ ሁሉም በቀዝቃዛ ክፍል አይሠራም። ወጥ ቤት አለ፣ ልብስ ማጠቢያ አለ። እውነቱን ተናግረሽ ሞቅ ያለ ቦታ እንዲመድቡሽ ጠይቂ።"

"እንዲህ ካሉኝ እነግራቸዋለሁ።"

ስክሪኑ ተከፈተ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ታየች። ፈገግታዋ ጥሩ ነው። ሰላምታ ተለዋወጡ። የሩቅያ አፍ እንከን አልነበረውም። ፈትያ ኮርታ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ሴትየዋ ስለ ጤንነትሽ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ሩቅያ በጆሮዋ አማርኛውን እስክትሰማ ጠበቀች፤ ከዚያ ማጉተምተም ጀመረች። ሌላ ሰው ቢሆን ላይሰማው ይችላል። የፈትያ ጆሮ ግን ዕድሜ ልኩን ከእንግሊዝኛው ሥር ያለውን ማጉተምተም ለመስማት የሠለጠነ ነው።

"አስም አለብኝ" አለች ሩቅያ በጉሮሮዋ። "ብርድ ሲመታኝ ትንፋሼ ይቆማል። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ መሥራት አልችልም። በወጥ ቤት በኩል ቢሆን ግን እችላለሁ።"

በራሷ በሩቅያ ድምፅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ የወጣው ግን ሌላ ነበር። ብርድ ትንፋሽ እስኪያቆም ድረስ ያስደስተኛል፤ ወጥ ቤቱ ይቅርብኝ፣ በቀዝቃዛው ክፍል መሥራት እችላለሁ የሚል።

ፈትያ የተሳሳተች መሰላት። ሳልናገረው ዛገብኝ፣ ረሳሁት አለች በልቧ። ሴትየዋ ደስ አላት። ቀጥላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የዕረፍት ፈቃድ እንደሌላቸው ተናገረችና ያስቸግርሽ ይሆን አለቻት።

"አባቴ ብቻውን ነው" ብላ አጉተመተመች ሩቅያ። "በየዓመቱ መጥቼ ካላየሁት አይሆንልኝም።"

አባቴ ብቻዬን እንድቆም አድርጎ አሳድጎኛል፤ መምጣት አያስፈልገኝም አለ እንግሊዝኛው።

  የፈትያ እንግሊዝኛ አልዛገም። ልጅቷ አንድ ነገር እየተናገረች ነው፤ ድምፅዋ ሌላ እየተናገረ ነው። ይህ ድምፅ ከዚህ በፊት በስንት ልጅ አንገት ላይ፣ እሷ በሌለችበት አዳራሽ፣ ምን ሲል ኖሯል? ያን ሁሉ አፍ ከዚህ ድምፅ ጋር እንዲገጥም ያስተካከለችው እሷ ናት።

ሩቅያ በዓይኗ ጫፍ አየቻት፤ አፌ ተሳሳተ እንዴ ማለቷ ነበር።

ፈትያ ከቆመችበት ተራምዳ ካሜራው ፊት ገባች። በባዶ አፏ፣ ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ድምፅዋ ተሰነጣጠቀ።

"ይህች ልጅ ታማሚ ናት" አለች። "አስም አለባት። ቀዝቃዛ ክፍል ካስገባችኋት ትሞታለች። የነገረቻችሁ ይህንን ነው። ማሽኑ ነው የለወጠው።"

ሴትየዋ በጥሞና ሰማች። ፈገግታዋ ሰፋ።

"ስለ ሞቅ ያለ ቃልዎ አመሰግናለሁ" አለ ከሴትየዋ በኩል የመጣው እንግሊዝኛ። "መምህሯ እንዲህ የምትኮራባት ልጅ ማግኘት ለእኛ ዕድል ነው።"

"አልሰማሽኝም! ትሞታለች ነው የምልሽ!"

"እኛም እስከ መጨረሻው ቤተሰብ ነን።"

 ፈትያ የሴትየዋን አፍ አየች። እንደ መምህር አየችው። ከንፈሩ በትክክል ክብ ሆኖ ነበር፤ ቅንድቡ አልተንቀሳቀሰም፤ እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ምላሷ ግን ከድምፅዋ ጥቂት ዘግይታ ትደርሳለች። ይህ ጀማሪ ተማሪዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው። ሴትየዋም በአንድ ቦታ፣ በአንድ መስታወት ፊት ተቀምጣ አፏን የተማረች ናት። የአንገት ልብሷ ሥር ቀጭን ቀለበት ታየ።

እንግሊዝኛ አታውቅም። ሩቅያም አታውቅም። እንግሊዝኛውን ሁለት አንገትጌዎች እርስ በርሳቸው ነበር የሚነጋገሩት፤ በዚያ ንግግር ውስጥ ቋንቋውን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ፈትያ ነበረች። የእሷን እውነተኛ እንግሊዝኛም የሴትየዋ አንገትጌ አለስልሶ በጆሮዋ ምስጋና አድርጎ አቅርቦታል።

"ቲቸር፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች ሩቅያ። 

 ፈትያ ከልጅቷ ቦርሳ ውስጥ በአፍ የሚነፋውን የአስም መድኃኒት አውጥታ ካሜራው ላይ ደቀነችው። በሌላ እጇ የራሷን ጉሮሮ አነቀች። ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ሲጥ ሲጥ አለች፤ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ተነሥታ ሩቅያን በጣቷ አመለከተች። ከዚያ ክንዶቿን አቅፋ እየተንቀጠቀጠች የብርድ ምልክት አሳየች፤ መልሳ ጉሮሮዋን ያዘች።

"እንዴት ያለ ሕያው ባህል ነው" አለ እንግሊዝኛው።

ሴትየዋ ግን ፈገግ አላለችም። ቅንድቧ ተሰበሰበ። እጇ ከጠረጴዛው ተነሣ። ጆሮዋ ውስጥ የነበረውን ማዳመጫ አወጣች፤ ቀጥላ አንገትጌውን ፈታች። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ አንድ ነገር ተናገረች። የራሷ ድምፅ ሻካራና ወፍራም ነበር፤ ቋንቋውን አንዳቸውም አያውቁትም። ደረቷን ይዛ ሲጥ ሲጥ አለች፤ ከዚያ ሩቅያን በጣቷ አመለከተች። አንቺ ነሽ? ማለቷ ነው።

ሩቅያ ፈትያን አየች፣ ሴትየዋን አየች። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ከደነች። ወደ ኋላዋ፣ ወደማይታይ ሰው ዞር አለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያኔ ስክሪኑ ጠፋና አንድ ጽሑፍ ወጣ፤ የእጩዋ ፊትና ቃል ስላልተጣጣሙ ቃለ መጠይቁ ተቋርጧል ይላል።



"አለፈኝ" አለች ሩቅያ። "አለፈኝ አይደል?"

"ሩቅያዬ፣ ስሚኝ፤ ያልሽውን እኮ አልነገራቸውም። ሌላ ነገር ነው—"

"አንቺ ማን ሆነሽ ነው?" ልጅቷ መምህሯን አንቺ ብላ አታውቅም ነበር። "ስንት ዓመት አፌን ስትከፍቺ ኖረሽ ዛሬ ዘጋሽው! አባባን ምን ልበለው? እየዘለለች አስባረረችኝ ልበለው?"

አንገትጌውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ወጣች።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ ያብስራ አስጠራት። ያብስራ ከፈትያ በዕድሜ ያንሳል፤ ትሑት ሰው ነው። በሩን ራሱ ዘጋ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ ፈትያ። እንግሊዝኛ ተናግረዋል የሚል ሪፖርት ደርሶናል። በባዶ አፍ።"

"ተናግሬያለሁ።"

"ምርመራውን በቅርቡ አይደል እንዴ ያለፉት?"

"እንዳልገባኝ ሆኜ ነዋ።"

ያብስራ የተደበቀ በሽታ እንደነገሩት ሰው አያት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት፤ ስለ አባቷ ነገረችው። ከዚያ ልጅቷ ያለችውንና ማሽኑ ያለውን ጎን ለጎን አድርጋ አስረዳችው።

"እሱ ማለስለሻው ነው" አለ ያብስራ ቀስ ብሎ። "በውሉ ላይ አለ እኮ። ሻካራ ንግግር ያለሰልሳል። ተጠቃሚው እንዲወደድ ነው።"

"አስም አለብኝ ማለት ሻካራ ንግግር ነው?"

 የያብስራ እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ።

"አምና" አለ። "ለአንድ የውጭ ረጂ ድርጅት ስለ ትምህርት ቤቱ ውኃ በአንገትጌው ነግሬያቸው ነበር። ውኃው ቀለም አለው፣ ልጆቹ እየታመሙ ነው ብዬ። ሌላ ምንም አላልኩም። በሳምንቱ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት መጣልኝ። ውኃችሁ ስላለው ልዩ ቀለም ይላል። ምን ነካቸው ብዬ ለሚስቴ አሳይቻት ሳቅንበት።"

ሁለቱም ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ተማሪዎች ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ነበር።

ያብስራ ፈቃዷን ከመነጠቅ ግን አላዳናትም። መመሪያው ግልጽ ነው፤ እሱም ልጆች አሉት። "ጣልቃ ገብ" የሚለውን ቃል ሲያነብላት ድምፁን ዝቅ አደረገ። እስከ በሩ ሸኛት።

ፈትያ ቤቷ ዋለች። የሠፈር ሰው ሰላም ይላታል፤ ቆሞ የሚያዋራት ግን የለም። ኢክራም ከደሴ መጥታ፣ እማዬ ለምን ዝም አላልሽም ብላት አለቀሰች። ፈትያ አንድ ቀን ወደ ሩቅያ ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች፤ አባትየው አቶ ሰይድ ከፍተው አዩዋትና መልሰው ዘጉት።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የግቢዋ በር ተንኳኳ። ሩቅያ ነበረች። ከኋላዋ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ቆመዋል።

"ቲቸር" አለች ሩቅያ መሬት መሬት እያየች። "እትዬ ዘይነባ ናቸው። የአብዱልቃድር እናት። እርስዎ ያሉኝን ለአባባ ነግሬው ነበር። መጀመሪያ አላመነም፤ ቆይቶ ግን እሱ ነው ሄዶ የነገራቸው።"

ፈትያ አብዱልቃድርን ታውቀዋለች። ያስተማረችው ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ረጅም። ወደዚያው ወደ ሰሜኑ ወደብ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ሬሳው መጣ። በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ልቡ ቆመ፣ ሕመሙን ደብቆ ነው የመጣው ተባለ።

ወይዘሮ ዘይነባ ተቀመጡ። ውኃ ሲቀርብላቸው አልነኩትም። ከጉያቸው ስልክ አወጡ። ኤጀንሲው የእያንዳንዱን ልጅ ቃለ መጠይቅ ለቤተሰቡ በማስታወሻነት ይሰጣል። ሰው ቤት ሲሰበሰብ ይከፈታል፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲንበለበል እየታየ ይጨበጨባል።

"ሲናገር ሁልጊዜ አየዋለሁ" አሉ። "ምን እንደሚል ግን አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ። ስሚልኝና ንገሪኝ።"

ፈትያ ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች። አብዱልቃድር በሙሉ ጤንነት ድምፅ ይናገራል። ስለ ጤናው ተጠየቀ። ልቤ በሙሉ ከእናንተ ጋር ነው፤ እናቴ ይህን ብትሰማ በኩራት ትሞታለች አለ እንግሊዝኛው።

መልሳ ከፈተችው። ዓይኗን ጨፍና እንግሊዝኛውን አልፋ ከሥሩ ያለውን አዳመጠች። ማጉተምተሙ ከሩቅ እንደሚሰማ ነበር። አሁንም መለሰችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው ቃላቱ አንድ በአንድ ተለዩላት።

ዓይኗን ስትገልጥ ወይዘሮ ዘይነባ ፊቷን እያዩ ነበር።

"ምን አለ ልጄ?"

ፈትያ አፏን ከፈተች። ለሐዘንተኛ የሚባል ለስላሳ ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ እናቴ ትኮራብኛለች ነው ያለው፣ እናቴን ሰላም በሉልኝ ነው ያለው። ልትለው ስትል ማን እንደሚያናግራት ገባትና ደነገጠች። ይህ አንገትጌው የሚለው ነው። አንገቷ ላይ ምንም ሳይኖር ያንኑ ልትል ነበር።

"እትዬ ዘይነባ" አለች። "ያለውን እንዳለ ነው የምነግርዎት። አልጨምርም፣ አልቀንስም።"

"እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ።"

"እንዲህ ነው ያለው፤ 'ልቤ ታማሚ ነው። እናቴ ይህን ብትሰማ በድንጋጤ ትሞታለች፤ ስለዚህ አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ብርድ ቦታ የምታስገቡኝ ከሆነ ከአሁኑ ንገሩኝና ልቅር።'"

ሩቅያ በእጇ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ዘይነባ አልተንቀሳቀሱም።

"ነግሯቸው ነበር?"

"ነግሯቸው ነበር።"

"በአማርኛ? በራሱ አንደበት?"

"በራሱ አንደበት፣ እትዬ። ማሽኑ ነው ሌላ ያደረገው።"

ወይዘሮ ዘይነባ ስልኩን ተቀብለው መልሰው ከጉያቸው ከተቱት። ሲናገሩ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር።

"ደብቆ ነው የሄደ አሉኝ። ለገንዘብ ብሎ ራሱን የገደለ ነው አሉኝ። እኔም አመንኩ። እንዴት እንዲህ ትዋሸኛለህ፣ እንዴት ሁሉንም ትዋሻለህ ብዬ ተቆጣሁት። ሬሳው ሲገባ እንባዬ እምቢ አለኝ፤ ለቅሶ የመጣውን ሰው በሩ ላይ ነው የመለስኩት። ውሸታም አይለቀስለትም አልኩ። ውሸታም ብዬ ቀበርኩት።"

ተነሡ። ሩቅያ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ አልፈለጉም። ሻሻቸውን አስተካክለው አሰሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሩጪ" አሏት ሩቅያን። "ለአባትሽ ንገሪው፤ ለሠፈሩም ንገሪ። ድንኳን ይትከሉልኝ። ልጄን አላለቀስኩትም።"

ድንኳኑ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘይነባ ደጃፍ ላይ ተተከለ። ፈትያ ከእርሳቸው አጠገብ ተቀመጠች፤ አቶ ሰይድም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ከሁሉም አቅጣጫ ሰው ይጎርፍ ጀመር። አልቅሰው ሲያበቁ ግን አልሄዱም። ከለቀስተኞቹ ብዙዎቹ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከፈትያ ላይ ሳይነቅሉ፣ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።